የሥዕል ታሪክ ጥናት ከግድግዳው ይጀምር

የሥነ ጥበብ ታሪክ ተማሪዎች በሚያቀርቧቸው የጥናት ጽሑፎች ውስጥ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ጉድለት አለ። ይኸውም ሥዕሉን አተኩሮ ከመመልከት አስቀድሞ የሥዕሉን ታሪክ ለመተረክ መቸኮል ነው። በዚህ መንገድ የተዘጋጀ ጽሑፍ በነገሥታት ስምና በዓመተ ምሕረት የታጨቀ ቢሆንም ቅሉ ስለ ራሱ ስለ ሥዕሉ ለአንባቢ የሚሰጠው ዕውቀት እጅግ አነስተኛ ነው።

ለአብነት ያህል በጎንደር የሚገኘውን ደብረ ብርሃን ሥላሴን መጥቀስ ይቻላል። በጣሪያው ላይ በተደረደሩት ባለ ክንፍ የመላእክት ፊቶች የታወቀው ይህ ደብር የተተከለው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱ ዘመነ መንግሥት (1682–1706 እ.ኤ.አ.) ነው። ተማሪው ይህን ይዞ «ሥዕሎቹ የዐፄ ኢያሱ ዘመን ሥራዎች ናቸው» ሲል ይደመድማል። ሆኖም የመጀመሪያው ሕንጻ ክብ ነበር፤ ዛሬ ሥዕሎቹ የሚታዩበት ባለ አራት ማዕዘን ሕንጻ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። ደብሩ የተተከለበት ዘመን ሥዕሉ የተሣለበት ዘመን ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ስሕተቱ የቁጥር ብቻ ተደርጎ ሊታይ አይገባም። ቀለም በጥብጠው፣ ጣሪያና ግድግዳውን በብሩሽ ያስዋቡት ሠዓልያን አብዛኞቹ ስማቸው አልተመዘገበም። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደነበረው እንደ ፍሬ ጽዮን ስሙ በሥራው ላይ ተጽፎ የተገኘ ሠዓሊ ጥቂት ነው። ስለዚህ የኋለኛውን ትውልድ ሥራ ለቀደመው ንጉሥ የሚያስረክብ ጥናት ስም የሌለውን ሠዓሊ ዘመኑንም ጭምር ይነጥቀዋል።

መፍትሔው ሥራውን በቅደም ተከተል መያዝ ነው። ተማሪው በመጀመሪያ ያየውን ብቻ ይጻፍ፤ ማን የት እንደተሣለ፣ የትኛው ቀለም እንደበዛ፣ የፊት ጥላ እንዴት እንደተሠራ፣ የትኛው ክፍል በኋላ እንደታደሰ ይመዝግብ። ቀጥሎም ከካህናት የሰማውን የተናጋሪውን ማንነት ጠቅሶ፣ ከመጽሐፍ ያገኘውንም ምንጩን አመልክቶ ለየብቻ ያስቀምጥ። የራሱን ግምት ግን ግምት መሆኑን ሳይሸሽግ ያቅርብ። እነዚህ ሦስቱ የተደባለቁበት ጽሑፍ ለውይይትም ለእርማትም አይመችም።

ሥዕሉ ራሱ የሚመሰክርበት ጊዜም አለ። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት በምትገኘው ናርጋ ሥላሴ፣ ደብሩን ያሠሩት እቴጌ ምንትዋብ ከእመቤታችን እግር ሥር ተደፍተው ተሥለው ይታያሉ። እዚህ ላይ ሥዕሉን ከ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጋር የሚያስተሳስረው ማስረጃ ከግድግዳው ላይ የተገኘ እንጂ ከደብሩ ዝና የተወሰደ አይደለም።

በተጨማሪም የርዕስ ምርጫ ሊታሰብበት ይገባል። «የኢትዮጵያ ሥዕል ታሪክ» በሃያ ገጽ አያልቅም፤ የአንድ ግድግዳ ጥያቄ ግን በሃያ ገጽ በሚገባ ሊመረመር ይችላል። መምህራንም ጽሑፉን ሲያርሙ ከሁሉ አስቀድመው «ይህን በምን አወቅህ?» ብለው ይጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ መልስ ያለው ተማሪ መደምደሚያው አጭር ቢሆንም እንኳ ለቀጣዩ ተመራማሪ የሚተርፍ ሥራ ሠርቷል።