ጭቃውና መዝሙሩ፦ የጦር ሜዳ ድባብ በ«ሄንሪ አምስተኛ» ፊልም

እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 25 ቀን 1415 የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ አምስተኛ በሰሜን ፈረንሳይ፣ አጂንኮርት በተባለ ስፍራ፣ በቁጥር የሚበልጠውን የፈረንሳይ ሠራዊት ድል አደረገ። ሼክስፒር ታሪኩን ቴአትር አደረገው። ቴአትሩን ደግሞ በ1944 ሎረንስ ኦሊቪዬ፣ በ1989 ኬኔት ብራና ወደ ፊልም አመጡት፤ ሁለቱም አዘጋጆች ንጉሡን ራሳቸው ተውነዋል። የሚነገረው ቃል በአብዛኛው አንድ ሆኖ ሳለ የሁለቱ ፊልሞች ድባብ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል። «ይህ በነገረ መለኮት መጽሔት ላይ ምን ያደርጋል?» ብትሉ፣ የብራና የጦር ሜዳ የሚዘጋው በመዝሙር 115 ስለሆነ ነው።

በኦሊቪዬ ፊልም ሰማዩ ጠርቷል፣ መስኩ ለምለም ነው፣ ሰንደቁና ጥሩሩ ያብረቀርቃል። ካሜራው ከፈረንሳይ ፈረሰኞች ጎን ለጎን እየሄደ ከእርምጃ እስከ ግልቢያ ይከተላቸዋል፤ የዊልያም ዋልተን ሙዚቃም አብሮ ይፈጥናል። ከዚያ ሙዚቃው ድንገት ይቆምና የቀስቶቹ ፉጨት ይሰማል። ፊልሙ ብሪታንያ ከናዚ ጀርመን ጋር በምትዋጋበት ዘመን ለኮማንዶዎቿና ለአየር ወለድ ወታደሮቿ መታሰቢያ ሆኖ የተሠራ ነው። ድባቡም የተመልካቹን ልብ ለማበርታት የታሰበ ስለሆነ ሞት ብዙ አይታይበትም።

ብራና ግን ሰማዩን አጠቆረ፤ መሬቱን አጨቀየ። ይህም ለታሪኩ የቀረበ ነው፤ በዋዜማው የጣለው ዝናብ ማሳውን ረግረግ አድርጎት ነበርና። ፈረሰኞቹ ሲመጡ ካሜራው በአብዛኛው የሚያሳየን የሚጠባበቁትን እንግሊዛውያን ፊት ነው። ኮቴውን በጆሯችን እየሰማን ፍርሃቱን ከዓይናቸው እናነባለን። ውጊያው ሲጀመር ደግሞ እንቅስቃሴው በስሎው ሞሽን ይዘገያል፤ ወዳጅና ጠላት በአንድ ጭቃ ተለውሰው መለየት ያቅተናል። እዚህ ላይ ፊልሙ ጦርነትን አያስጌጥም፤ ለዚህም ሊመሰገን ይገባዋል።

ከድሉ በኋላ ንጉሡ መዝሙሩ እንዲዘመር ያዝዛል። አንድ ወታደር ብቻውን በላቲን ይጀምራል፤ ይህ ወታደር የፊልሙ የሙዚቃ ደራሲ ፓትሪክ ዶይል ራሱ ነው። ሌሎች ይቀበሉታል፤ ቀስ በቀስም መዘምራንና ኦርኬስትራ ይጨመራሉ። ሄንሪ የተገደለውን ልጅ ተሸክሞ በሬሳ መካከል ሜዳውን ያቋርጣል። ካሜራው አራት ደቂቃ ገደማ ሳይቆረጥ ይከተለዋል። ቀረጻው ስላልተቆረጠ ዓይናችንን ማሸሽ አንችልም፤ የእያንዳንዱን እርምጃ ክብደት አብረን እንሸከማለን።

እስከዚህ ድረስ ምስሉና ዝማሬው ይሟገታሉ፤ ምስሉ ሙታንን ይቆጥራል፣ ዝማሬው ያመሰግናል። ነገር ግን ልብ ብላችሁ ስሙ። ዜማው ከፍ እያለ ሲሄድ ሙግቱ ያበቃል፤ ሙዚቃው ያሸንፋል። ክብሩ የእኛ አይደለም የሚለው ዝማሬ በሚያስገመግምበት ሰዓት በካሜራው መካከል ያለው ንጉሡ ነው። ቃሉ ከሰው ያነሣውን ክብር ድባቡ ለሰው ይመልስለታል።

ከፊልሙ የቀረም ነገር አለ። ሄንሪ በዚያ ቀን ምርኮኞች እንዲገደሉ አዝዟል። የዘመኑ ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበውታል፤ ሼክስፒርም በቴአትሩ አስገብቶታል። ሁለቱም ፊልሞች ግን ትተውታል። ያ ትእዛዝ በፊልሙ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ዝማሬውን በዚያው ልብ እንሰማው ነበርን? ድልን ለእግዚአብሔር መስጠት ትሕትና ነው። የፈሰሰውን ደም ተጠያቂነት አብሮ ለእርሱ ማስረከብ ግን ትሕትና አይባልም።

መዝሙር 115 ራሱ የአሸናፊዎች ፉከራ አይደለም። ቁጥር 2ን ስታነቡ፣ አሕዛብ አምላኩ የት እንዳለ እየጠየቁ የሚሳለቁበትን ሕዝብ ታገኛላችሁ። ይህ ሕዝብ የሚለምነው እግዚአብሔር ለራሱ ስም ሲል እንዲሠራ ነው። መጽሐፍ ቅዱስ ድል አድራጊውን ዳዊትንም ቢሆን ያፈሰሰውን ደም ሳያስታውስ አያልፈውም፤ በ1ኛ ዜና መዋዕል 22፥8 መሠረት ቤተ መቅደሱን እንዳይሠራ የተከለከለው በዚሁ ምክንያት ነው። ቅዱሱ ጽሑፍ ምስጋናንና ተጠያቂነትን በአንድ ገጽ ላይ ያኖራል፤ ፊልሙ ግን ምስጋናውን አስቀርቶ ተጠያቂነቱን አደበዘዘ።

ይህ ነገር የእኛንም መድረክ ይነካል። በስብከታችን መዝጊያ ኪቦርዱ በቀስታ ሲገባ፣ ድምፃችን ሲለሰልስ፣ መብራቱ ሲደበዝዝ እኛም ድባብ እየፈጠርን ነው። ድባብ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ዳዊትም በበገና አገልግሏል። ጥያቄው ድባቡ ቃሉን ያገለግላል ወይስ ይተካዋል የሚለው ነው። ምእመናን ያለቀሱት ቃሉ ስለወቀሳቸው ነው ወይስ ዜማው ስለወሰዳቸው?

የነገረ መለኮት ተማሪዎች ይህን ትዕይንት ሁለት ጊዜ እንዲመለከቱት እመክራለሁ፤ አንድ ጊዜ ከነድምፁ፣ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፍተው። በሁለተኛው ጊዜ የሚቀረው ጭቃ፣ ሬሳና ልጅ የተሸከመ የደከመ ሰው ነው። ከዚያም መዝሙር 115ን ያለ ሙዚቃ፣ በንባብ ብቻ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያንብቡት። እናንተ መጋቢዎችም በሚቀጥለው እሑድ የስብከታችሁን መዝጊያ ያለ ኪቦርድ ሞክሩት፤ ቃሉ ብቻውን ሲቆም ምን እንደሚናገር ትሰማላችሁ።