«ሰሜን» በካታሎግ መዝገብ

በካታሎግ መዝገብ ላይ «ሰሜን» የሚል ቃል ሲገኝ አቅጣጫው ነው ወይስ የደባርቅ አገር? አንባቢ ከዐውዱ ይረዳዋል፤ ኮምፒዩተር ግን ካልተነገረው አያውቅም። በ2016 እ.ኤ.አ. በሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው «ቤተ መጻሕፍት» የተሰኘ የብራና መጻሕፍት ጥናት በኤክስ.ኤም.ኤል. በሚያዘጋጃቸው መዝገቦች የቦታን ስም በመክፈቻና በመዝጊያ ምልክት ከብቦ ከአንድ መታወቂያ ጋር ያያይዘዋል። በዚህም «ሰሜን» እና «ስሜን» ተብሎ የተጻፈው ስፍራ አንድ ሆኖ ይገኛል። አሠራሩን ሳናቅማማ እንደግፋለን።

የሚያሳስበን የአማርኛ ስያሜው ነው። ተርጓሚ ዘዴውን «የምልክት ቋንቋ» ቢለው፣ ስሙ መስማት ለተሳናቸው ወገኖቻችን ቋንቋ አስቀድሞ ተሰጥቷል። «ማመልከቻ» ቢለውም ለመሥሪያ ቤት የሚጻፈውን አቤቱታ ያስታውሳል! ደግሞስ ተናጋሪ የሌለውን «ቋንቋ» ማለት ምን ግድ አለን? እኛ በበኩላችን ምልክቱን «መለያ»፣ ዘዴውንም «የጽሑፍ መለያ ሥርዓት» ብንለው እንመርጣለን።