ስለ «ፀረ ሂስታሚን» ስያሜ

እሪ በከንቱ የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ ጠና ያሉ ዘመዳችን ፊኛቸውን ካመማቸው ዓመታት አልፈዋል (የሰፈሩ ስም ለእርሳቸው የወጣ ይመስላል)። ሽንታቸው በተደጋጋሚ ቢመረመርም ተሐዋሲ አልተገኘበትም። በመጨረሻ ሃይድሮክሲዚን ታዘዘላቸው። ክኒኑ በተጨመረበት ፖስታ ላይ «ለአለርጂ» ተብሎ ስለ ተጻፈ፣ «እኔ አለርጂ የለብኝም» ብለው አስቀመጡት። «ፀረ ሂስታሚን ነው» ብለን ልናስረዳቸው ብንሞክር፣ «ተሐዋሲ የለም ከተባልኩ ምኑን ሊገድልልኝ ነው?» አሉን።

ጥያቄውን ያስነሣው ቃሉ ራሱ ነው። «ፀር» በግእዝ ጠላት ማለት ነው፤ «ፀረ ተባይ»፣ «ፀረ ወባ» ስንልም የምናስበው ሊጠፋ የሚገባውን ባላንጣ ነው። ሂስታሚን ግን ሰውነት ራሱ የሚሠራው ንጥረ ነገር ነው። በአንዳንድ ሕሙማን የፊኛ ግድግዳ ውስጥ ያሉት ማስት ሴሎች ሲለቁት ሕመሙንና ብግነቱን ያባብሳል ተብሎ ይታሰባል። መድኃኒቱም ሂስታሚንን አያጠፋውም፤ የሚያርፍበትን ተቀባይ ይይዝበታል እንጂ። ስለዚህ «ሂስታሚን አጋጅ» ቢባል እንመርጣለን። «አጋች» የሚለውን አንደግፍም፤ ዛሬ ሰው አፍኖ የሚወስደውን ያስታውሳልና።

«ማስት ሴል»ም እንዳለ ቢቀር ይሻላል። ፓውል ኤርሊክ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ስሙን ያወጡት ሕዋሶቹ በምግብ የሰቡ መስለዋቸው ከጀርመንኛው የማድለብ ቃል ነው። ግምቱ ውድቅ ሆኖ ስሙ ቀረ፤ «የደለበ ሕዋስ» ብሎ መተርጎም የሞተውን ግምት በአማርኛ ማስነሣት ይሆናል።

ከሁሉ የከፋው ግን ሲስታይቲስን በደፈናው «የፊኛ ኢንፌክሽን» ማለት ነው። ተሐዋሲ የሌለበት ሕመምተኛ ይህን ሰምቶ አንቲባዮቲክ ፍለጋ ከመድኃኒት ቤት መድኃኒት ቤት ይዞራል። «በገነ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ብግነት» የመቃጠልን ስሜት ስለሚይዝ፣ መንስኤውንም ሳይወስን ስለሚተው፣ እጅግ የተስማማ ነው።

የግሥ ምርጫም ጥንቃቄ ይሻል። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ አነስተኛ ሙከራ ሃይድሮክሲዚን ከወሰዱት 31 በመቶው፣ ካልወሰዱት ደግሞ 20 በመቶው ተሽሏቸዋል፤ ልዩነቱም በስታቲስቲክስ የጸና አልነበረም። ስለዚህ ተርጓሚው «ያድናል» ብሎ መጻፍ አይችልም፤ «ሊያስታግስ ይችላል» እስከሚለው ድረስ ብቻ ይፈቀድለታል።

በፖስታው ላይም ከመድኃኒቱ ወገን ይልቅ የታዘዘበት ምክንያት ቢጻፍ ይበጃል፦ «ለፊኛ ሕመም ማስታገሻ፤ ማታ የሚወሰድ፤ እንቅልፍ ያመጣል»።