የቃል ብዛትና የቃል ባለቤትነት

የእንግሊዝኛ እውቀቱን ከፍ ለማድረግ የሚጥር ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በዘወትር ንግግር የማይሰሙትን ስሞች በደብተር ላይ በመደርደር ነው። በግራ በኩል ባዕዱን ቃል፥ በቀኝ በኩል ትርጓሜውን ይጽፍና እንደ ዳዊት ይደግመዋል። ትጋቱ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን በዚህ መንገድ የሚገኘው የቃል ብዛት እንጂ የቃል ባለቤትነት አይደለም።

ይህ ልማድ በእንግሊዞችም ዘንድ የቆየ ነው። ሮበርት ኮድሪ በ1604 ዓ.ም. ያሳተመው፥ የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ በእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት የሚባለው መጽሐፍ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፥ ወደ 2,500 የሚጠጉ አስቸጋሪ ቃላትን በአጭር በአጭሩ የሚፈታ ነበር። ከላቲንና ከግሪክ ይጎርፉ የነበሩትን ቃላት ብዙ ላልተማሩ አንባቢዎች ማስረዳቱ ጠቅሟል፤ ሆኖም ቃሉ የት ስፍራ እንደሚገባ አያሳይም ነበር። ይህን ጉድለት በሰፊው የሞላው ሳሙኤል ጆንሰን ነው። በ1755 ዓ.ም. ባወጣው መዝገበ ቃላት ከ40,000 የሚበልጡ ቃላትን ሲፈታ፥ ከታወቁ ደራስያን የለቀማቸውን ከ100,000 የሚበልጡ ጥቅሶች ምስክር አድርጎ አቆመ። እርግጥ ጆንሰን ራሱ እንደ መረብ የተሠራን ነገር የሚያመለክተውን ቀላል ስም ከስሙ በከበዱ ቃላት በመፍታቱ እስከ ዛሬ ይተረብበታል። ቢሆንም የጥቅሶቹ ዘዴ ታላቅ ትምህርት ነው፤ የቃል ጠባይ የሚገለጸው በዐረፍተ ነገር ውስጥ ሲሠራ ነውና።

ያለ ምስክር የተያዘ ቃል ምን እንደሚያመጣ ሪቻርድ ብሪንስሊ ሸሪደን በ1775 ዓ.ም. ለመድረክ ባበቃው «ተቀናቃኞቹ» በተባለው አስቂኝ ተውኔት አሳይቷል። ወይዘሮ ማላፕሮፕ የተማረች ለመምሰል ትልልቅ ቃላትን ታዥጎደጉዳለች። አሊጌተር የተባለውን የአዞ ዘመድ ልትጠራ ፈልጋ አሌጎሪ፥ ማለትም ምሳሌያዊ ትረካ፥ ትልና እሱኑ በዓባይ ወንዝ ዳር ታስቀምጠዋለች። ቀልዱ ድርብ ነው፤ ቃሉን ባትስት እንኳ አሊጌተር በዓባይ አይገኝምና። ደራሲው የተሳለቀው ባለማወቋ ሳይሆን እውቀትን ለጌጥ በመፈለጓ ነው። እንዲህ ያለው ስሕተት በስሟ ማላፕሮፒዝም ተብሎ ስለ ተጠራ፥ ብርቅ ስሞችን ያበላሸችው ሴት ራሷ ብርቅ ስም ሆና ቀረች።

በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ለሚቀበለው ለአገራችን ተማሪ ግን ጉዳዩ ከሳቅ ያለፈ ነው። ለምሳሌ ኮርፕስ፥ ካርከስና ካዳቨር የተባሉትን ሦስት ስሞች ደብተሩ ሁሉንም «ሬሳ» ብሎ ይፈታለት ይሆናል። ነገር ግን የመጀመሪያው የሰው ነው፤ ሁለተኛው በተለይ የእንስሳ ነው፤ ሦስተኛውን ሐኪሞች ለትምህርት ለሚመረምሩት አካል ይሉታል። የሐዘን ደብዳቤ የሚጽፍ ሹም ሁለተኛውን ቢመርጥ፥ አማርኛ የሚለምድ እንግዳ በለቅሶ ቤት «አስከሬን» በማለት ፈንታ «ጥንብ» ያለ ያህል ያስቀይማል። ሹሙ ትርጓሜውን አውቆታል፤ የሳተው የቃሉን ክብርና ስፍራ ነው።

ስለዚህ መምህራን ዝርዝሩን ጨርሰው ይከልክሉ አይባልም፤ ዝርዝሩ ከንባብ እንዲወለድ ያድርጉ እንጂ። ተማሪው አዲሱን ስም ከነዐረፍተ ነገሩ ይገልብጥ፤ የትኛው ግስና የትኛው ቅጽል እንደሚከተለው ያስተውል፤ ሥሩንም ይመርምር። «ሥነ» የሚለውን የግእዝ ቃል የተረዳ ሰው ሥነ ጽሑፍንና ሥነ ምግባርን እንደሚያቀና ሁሉ፥ አንትሮፖስ በግሪክ «ሰው» መሆኑን ያወቀም ፊላንትሮፒን ሰውን መውደድ፥ ሚዛንትሮፒን ሰውን መጥላት ብሎ ይለያል። በሳምንት መቶ ቃል ከሚደግም ይልቅ አምስቱን በየስፍራቸው አንብቦ ያለ ስሕተት የሚጽፍ ተማሪ ከመጻሕፍቱ ብዙ ያተርፋል፤ አንባቢውንም አያደናግርም።