ስለ ሒሳብ መደቦች አሰያየም
በአዳሚ ቱሉ አካባቢ የአትክልት አምራቾችን ማኅበራት በምሳሌነት በመያዝ የቀረበ ሒስ

የሒሳብ መዝገብ በኮምፒዩተር መያዝ ከተጀመረ ወዲህ፣ ስለዚሁ ሥራ የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ስለ ፍጥነቱና ስለ ድምሩ ትክክለኛነት ነው። ድምሩ ትክክል መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን በትክክል የተደመረ ቁጥር በተሳሳተ ስም ሥር ሊቀመጥ ይችላል። ስሙም የሚወሰነው አንድ ደረሰኝ እንኳ ከመመዝገቡ በፊት፣ የሒሳብ መደቦች ዝርዝር በሚዘጋጅበት ቀን ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንኑ የመጀመሪያ ሥራ ነው። አሳባችንም ባጭሩ፣ ዝርዝሩ አባላት ስለ ገንዘባቸው ምን መጠየቅ እንደሚችሉ የሚወስን ስለሆነ፣ ፕሮግራሙን ለሚጭነው ባለሙያ ብቻ ሊተው አይገባም የሚል ነው።

ለምሳሌነት የመረጥነው አዳሚ ቱሉን ነው። ከተማዋ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ከባቱ፣ ማለት ከቀድሞዋ ዝዋይ፣ ቀጥላ ትገኛለች። የዝዋይ ሐይቅ ትርፍ ውኃ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አብያታ የሚወርደው በዚሁ አካባቢ አልፎ ሲሆን፣ ገበሬውም ውኃውን በሞተር እየሳበ ቀይ ሽንኩርትና ቲማቲም ያለማል። አምራቾቹ በመሠረታዊ ማኅበራት ይደራጃሉ፤ መቂ ላይም የመቂ ባቱ የአትክልትና ፍራፍሬ አምራቾች ዩኒየን አለ። ከዚህ ቀጥሎ የምንጠቅሰው ማኅበር ግን ለማስረዳት ያሰብነው እንጂ በስም የሚታወቅ አይደለም።

እንግዲህ ይህ ማኅበር በአገራችን በሰፊው የታወቀውን ፒችትሪን ገዛ እንበል። ፕሮግራሙ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ሴጅ 50 ቢባልም፣ የእኛ የሒሳብ ሠራተኞች የቀድሞ ስሙን አልተዉም። አዲስ ድርጅት ሲከፈትበት፣ ከተዘጋጁት የናሙና ዝርዝሮች አንዱን መውሰድ ወይም የራስን ማዘጋጀት ይቻላል። ለእያንዳንዱ መደብ ሦስት ነገር ይጠየቃል፤ መለያ ቁጥር፣ መጠሪያና ዓይነት። መደቡ በሀብትና ዕዳ መግለጫ ወይም በትርፍና ኪሳራ መግለጫ ላይ መውጣቱን፣ በዓመቱ መጨረሻም መዘጋት አለመዘጋቱን የሚወስነው ዓይነቱ ነው። ሒሳብ የተመዘገበበት መደብ አይሰረዝም፤ ሥራ ላይ እንዳይውል ብቻ ይደረጋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ስሕተት ለዓመታት ይከተላል።

በናሙናው ዝርዝር ላይ ያለን የመጀመሪያ ነቀፋ ሽያጭን ይመለከታል። ናሙናው የተሠራው ዕቃ ገዝቶ ለሚሸጥ ነጋዴ ነው። የእኛ ማኅበር ግን የአባላቱን ሽንኩርት ተቀብሎ በ300,000 ብር ሸጠ፣ ለአገልግሎቱም አምስት በመቶ ያስቀራል እንበል። በናሙናው መሠረት ከተመዘገበ 300,000 ብሩ በሙሉ ገቢ ሆኖ ይታያል። እውነተኛው የማኅበሩ ገቢ 15,000 ብር ሲሆን፣ ቀሪው 285,000 ብር የአባላት ገንዘብ፣ ለማኅበሩም ዕዳ ነው። ማኅበሩ ምርቱን በቁርጥ ዋጋ ገዝቶ፣ ዋጋ ቢወድቅ ጉዳቱን ራሱ የሚሸከም ከሆነ ግን ሽያጩ በሙሉ የራሱ ነው። ዓለም አቀፉ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃ ቁጥር 15ም ባለቤትንና ወኪልን የሚለየው በዚሁ ዓይነት ጥያቄ ነው። ፕሮግራሙ ይህን አይጠይቅም። ኮሚቴው መዝገቡን አይቶ ማኅበሩ ሀብታም ሆኗል ብሎ መኪና ቢገዛ፣ የገዛው ገና ባልተከፈላቸው ገበሬዎች ገንዘብ ነው።

ሁለተኛው ነቀፋችን ካፒታልን ይመለከታል። በናሙናው ያለው የአሜሪካ አክሲዮን ማኅበር ካፒታል ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበር ግን በአንድ በኩል የአባላት ዕጣ፣ በሌላ በኩል ለአባላት የማይከፋፈል መጠባበቂያ አለው። አዋጅ ቁጥር 147/1991 ከተጣራ ትርፍ 30 በመቶ ለመጠባበቂያ እንዲቀመጥ ያዝ ነበር፤ በ2009 ዓ.ም. የተተካው አዋጅ ቁጥር 985ም መጠባበቂያን አልተወም። ፒችትሪ ያልተከፋፈለ ትርፍ የሚከማችበት መደብ አንድ ብቻ ይፈቅዳል፤ በዓመቱ መዝጊያ ሁሉም ወደዚያ ይጎርፋል። ለመጠባበቂያ የተለየ የካፒታል መደብ አስቀድሞ ካልተከፈተና ድርሻው በጉባኤ ውሳኔ ካልተዛወረ፣ የሚከፋፈለውና የማይከፋፈለው ተቀላቅሎ ይቀራል።

ሦስተኛው ነቀፋ የፕሮግራሙ ሳይሆን የእኛው የተጠቃሚዎች ነው። ለእያንዳንዱ አባል በዋናው መዝገብ አንድ መደብ የሚከፍቱ አሉ። አባላቱ ሁለት መቶ ቢሆኑ ዝርዝሩ የስም መጥሪያ ይሆናል። አባሉ በአቅራቢነት መዝገብ በራሱ መለያ ይመዝገብ፤ በዋናው መዝገብ ግን ለሁሉም አንድ የተከፋይ መደብ ይበቃል።

በዚህ ረገድ መንግሥት የሚሠራበት ዝርዝር ሊጠና ይገባዋል። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ በተካሄደውና እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ዓ.ም. በተፈጸመው የፋይናንስ ማሻሻያ፣ ወረዳዎች ከነጠላ ምዝገባ ወደ ሁለትዮሽ ምዝገባ ተሸጋግረዋል፤ አይቤክስ የተባለውም የበጀትና የወጪ ፕሮግራም የዚሁ ሥራ ፍሬ ነው። በዝርዝሩ 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ፣ 6217 ነዳጅና ቅባት፣ 6231 የውሎ አበል ነው። ቁጥሩ በአዳማም ሆነ በአዳሚ ቱሉ ያው ስለሆነ ከቦታ ወደ ቦታ የተዛወረ ሠራተኛ አይቸገርም፤ ኦዲተሩም ያነጻጽራል። ከዚህም በላይ 6217 ምን እንደተገዛ ብቻ ይናገራል፤ ለየትኛው መሥሪያ ቤትና በየትኛው የገንዘብ ምንጭ እንደተገዛ የሚናገሩት ሌሎች መለያዎች ናቸው። ይህ መለያየት ትልቅ ጥበብ ነው። ማኅበሩም «የቲማቲም ነዳጅ»፣ «የሽንኩርት ነዳጅ» እያለ መደብ ከማብዛት፣ አንድ የነዳጅ መደብ ይዞ ሰብሉን ፒችትሪ ጆብ በሚለው መለያ ቢለይ ይሻለዋል።

ወጥ ዝርዝር የማውጣት አሳብ አዲስ አይደለም። በጀርመን አገር ሽማለንባኽ የተባሉት ሊቅ በ1927 ስለ መደቦች ማዕቀፍ መጽሐፍ አሳትመዋል፤ ፈረንሳይም በ1947 አገር አቀፍ የሒሳብ ዕቅድ አውጥታለች። እነዚህም ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በአሜሪካ ልማድ ግን እያንዳንዱ ድርጅት የራሱን ያወጣል፤ ፒችትሪም የዚህ ልማድ ልጅ ነው። ነፃነቱን ስንቀበል ኃላፊነቱንም አብረን መቀበል ነበረብን።

በበኩላችን ለአካባቢው ማኅበራት አንድ አጭር የጋራ ዝርዝር በዩኒየኑ፣ በኅብረት ሥራ ባለሙያዎችና በአባላት ተወካዮች ምክክር ቢዘጋጅ እንላለን። ለአብነት፣ 1310 ለአባላት በዱቤ የተሰጠ ማዳበሪያና ነዳጅ፣ 2110 ለአባላት የሚከፈል የምርት ሽያጭ ገንዘብ፣ 3110 የአባላት ዕጣ፣ 3210 መጠባበቂያ፣ 4110 የአገልግሎት ገቢ ሊሆኑ ይችላሉ። ፕሮግራሙ መለያዎቹን የሚደረድረው እንደ ፊደል ከግራ ወደ ቀኝ ስለሆነ፣ ሁሉም እኩል አኃዝ ይኑራቸው፤ በመካከላቸውም ለወደፊት ክፍት ቁጥር ይተው። የሒሳብ ዘመኑ እስከ አሥራ ሦስት ክፍለ ጊዜ ስለሚፈቀድ፣ ጳጉሜን ለብቻዋ ማቆም ወይም ከነሐሴ ጋር መደመር አስቀድሞ ይወሰን።

የመነሻ ሒሳብም ጥንቃቄ ይሻል። ሀብትና ዕዳ ሳይመጣጠን ከገባ፣ ፒችትሪ ልዩነቱን የመነሻ ካፒታል በሚል መደብ አስቀምጦ ያልፋል። ስሙ የተከበረ ይምሰል እንጂ፣ ያልተቆጠረ ፓምፕ ወይም ያልተጻፈ ዕዳ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ መዝገቡ ከመከፈቱ በፊት ንብረቱ ይቆጠር፤ የእያንዳንዱ አባል ተሰብሳቢና ተከፋይም በፊቱ ይነበብለት።

ገበሬው ስለ ዴቢትና ክሬዲት ምን ያውቃል የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ዴቢትና ክሬዲቱን ሒሳብ ሠራተኛው ይወቀው። ገበሬው ግን ሽንኩርቱን ሸጦ ወይም በአደራ ሰጥቶ እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቃል፤ ለመደቡ ስም የሚያስፈልገውም ይኸው ዕውቀት ነው። የሒሳብ ትምህርት የምንከታተል ተማሪዎችም ለልምምድ ወደነዚህ ከተሞች ስንሄድ፣ የተሞላውን ድምር ከመመርመራችን በፊት የመደቦቹን ዝርዝር አስቀርበን፣ እያንዳንዱ ስም በማኅበሩ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ ይገልጽ እንደሆነ አባላቱን ብንጠይቅ መልካም ይመስለናል። መምህራኖቻችንም ይህን እንደ አንድ የጥናት ርእስ ቢቀበሉልን ደስታችን ነው።