ከተዘጋ በኋላ ማን ይጠብቀዋል?

ካሊፎርኒያ ውስጥ ስትሪንግፌሎ የሚባል የመርዛማ ቆሻሻ ማከማቻ አለ። ከ1956 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. 130 ሚሊዮን ሊትር ገደማ የፋብሪካ ፍሳሽ ተደፍቶበታል። ቦታው ተስማሚ ነው ያለው የግዛቱ መንግሥት ነው፤ ከሥሩ ውኃ የማያሳልፍ አለት አለ በሚል። አለቱ ግን የተሰነጣጠቀ ነበር፤ ብክለቱም የከርሰ ምድር ውኃ ውስጥ ገባ። በ1998 የፌዴራል ፍርድ ቤት ግዛቱን በቦታ መረጣውም ችግሩን ባለማረሙም ተጠያቂ አደረገው።

ያኔ ሳይንሱ አልነበረም የሚለው መከላከያ አያሳምነኝም። ጉድጓድ ሰርስሮ አለቱን ማየትና የውኃውን ደረጃ መለካት በ1950ዎቹም የታወቀ ሥራ ነበር።

የዛሬውም ሕግ ቢሆን ክፍተት አለው። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ከተዘጋ በኋላ በመደበኛነት ለ30 ዓመት ክትትል ይደረግለታል፤ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ሊያራዝመውም ሊያሳጥረውም ይችላል። እርሳስና ካድሚየም ግን በ30 ዓመት አይበሰብሱም። የሸክላ ክዳኑ ይሰነጠቃል፣ ፕላስቲኩ ያረጃል፣ ፓምፑ ይቃጠላል። ኩባንያውም ሊከስር ይችላል። ያኔ የሚቀረው መንግሥት ነው።

እኛም ጋ ቆሼ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገድሏል። እሱ የከተማ ቆሻሻ ክምር ነው፤ አደጋውም የመርዝ ስርገት ሳይሆን የተዳፋት መደርመስ ነው። የክትትሉ ጥያቄ ግን ያው ነው። ስለዚህ አዲስ ማከማቻ «ዘመናዊ ነው» ሲባል ሦስት ነገር እንጠይቅ፦ የክትትል ጉድጓዶቹን ማን ይለካል? ውጤቱን ሕዝቡ የት ያየዋል? ከ30 ዓመት በኋላስ በጀቱ ከየት ይመጣል? እነዚህ ከግንባታው ውል ጋር አብረው ካልተጻፉ ዲዛይኑ ገና አላለቀም።