«ፕሮአክቲቭ» በአማርኛ፦ በአተረጓጎሙ ላይ የቀረበ ሒስ

በአመራር ሥልጠና ጽሑፎችና በሠራተኛ መመዘኛ ቅጾች ላይ «ፕሮአክቲቭ» የተባለው ቃል አንዳንዴ «ንቁ»፣ አንዳንዴ «ተነሣሽነት ያለው»፣ አልፎ አልፎም «ቅድመ ንቁ» እየተባለ ሲተረጎም እናያለን። ሦስቱም የተፈለገውን ፍች የሚያደርሱ አይመስሉንም።

«ንቁ» ያልተኛ፣ የማይዘናጋ ማለት ነው። የሌሊት ዘበኛ ንቁ ነው፤ ነገር ግን ሌባው እስኪመጣ ይጠብቃል። ሌባ የሚሾልክበትን የአጥር ቀዳዳ በቀን የደፈነው ሰው በዚህ ቃል አልተነገረለትም። «ተነሣሽነት» ይሻላል፤ ሆኖም «ተነሣሣ» ከ«አነሣሣ» ጋር የሚሄድ ግሥ ስለ ሆነ፣ አነሣሹ ማን ነው የሚለውን ጥያቄ ክፍት ይተወዋል። «ቅድመ ንቁ» ግን ከሁሉ ይከፋል። «ቅድመ ታሪክ» ከታሪክ በፊት ያለው ዘመን ከሆነ፣ «ቅድመ ንቁ»ም ገና ያልነቃ መሆኑ ነው። ተርጓሚው የባዕዱን ቃል መነሻ በግእዝ መነሻ እተካለሁ ሲል የሚያመሰግነውን ሰው አስተኛው።

የስሕተቱ ምንጭ ቃሉን ከተቃራኒው ነጥሎ ማየት ይመስለናል። በሥነ ልቦና፣ በማስታወስ ጥናት ዘርፍ፣ ቃሉ አስቀድሞ የተማሩት በኋላ የሚማሩትን ሲያውክ ይነገራል፤ የቆየው የስልክ ቁጥር አዲሱን እንደሚያስረሳ ማለት ነው። ተቃራኒው አዲሱ የቆየውን ማወኩ ነው። እዚህ ላይ «የቀዳሚ ትምህርት ዕውከት» ቢባል ይበቃል። ስቲቨን ኮቬይ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተመው፣ ስለ ውጤታማ ሰዎች ሰባት ልማዶች በሚናገረው መጽሐፍ ግን ቃሉ የመጀመሪያው ልማድ መጠሪያ ነው፤ ተቃራኒውም ሁኔታ ሲገፋው ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ደራሲው ራሱ እንዳስረዳው ፍቹ ቀድሞ ከመጀመር ያልፋል፤ ሰው ለገዛ ሕይወቱ ኀላፊ መሆኑን፣ በደረሰበት ነገርና በሚሰጠው ምላሽ መካከልም የመምረጥ ነጻነት እንዳለው ይጨምራል።

«ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር የሚጠቅሱ አሉ። መልካም ነው፤ ግን እሳቱ አስቀድሞ ተነሥቷል።

«አስቀዳሚ» የሚለው ቃል በሰዋስው ረገድ ያስኬዳል፤ ይሁንና ምንን እንደሚያስቀድም አይናገርም፣ ምርጫንም አያመለክትም። ስለዚህ «አስቀድሞ አሳቢ፣ በራሱ ውሳኔ ተንቀሳቃሽ» የሚለውን ሐረግ እናቀርባለን። ይረዝማል፤ ለመመዘኛ ቅጽ ጠባብ ዓምድም አይመችም። ነገር ግን የሰው የደረጃ ዕድገት በዚያ ዓምድ በሚሞላ ነጥብ ሊወሰን ሲችል፣ አንዱ ገምጋሚ «ንቁ»ን በሰዓቱ የሚገኝ፣ ሌላው ሳይታዘዝ የሚሠራ ብሎ ከሚረዳው ዓምዱ ቢሰፋ እንመርጣለን።